ሲሚንቶው ከመንግሥት፣ ቁልፉ ከመንደሩ፦ በጎጃም ቀበሌ የጋራ የውሃ ጉድጓድ አሠራርና አያያዝ

በጎጃም ገጠር «የሕዝብ ተሳትፎ» ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚታየው ዶማና አካፋ ነው። ጥርና የካቲት ላይ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል፣ ድንጋይ ይሸከማል፣ ስሙ ይመዘገባል፣ ቀኑ ይሞላል። ያ ሥራ የሚናቅ አይደለም። ግን ጉልበቱን ብቻ ያዋጣ ሰው የተሠራውን ነገር «የእኔ ነው» ለማለት ይቸግረዋል፤ ሲበላሽ «የሠሩት ይጠግኑት» ብሎ ያልፋል። በየመንደሩ አጥሩ የፈረሰ፣ እጀታው የወለቀ የእጅ ፓምፕ ቆሞ የሚቀረው በአብዛኛው ከዚህ የተነሳ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ሁለቱንም ወገን ያስራል። አንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ሁሉም ኢትዮጵያዊ ትምህርት፣ ጤና፣ ንጹሕ ውሃ፣ መኖሪያ፣ ምግብና ማኅበራዊ ዋስትና እንዲያገኝ የመንግሥት ፖሊሲ ማለም እንዳለበት ይናገራል። አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጋው በብሔራዊ ልማት የመሳተፍ፣ በተለይ የራሱን ማኅበረሰብ በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ውሃ መጠየቅ ልመና አይደለም፤ መጠየቅ ብቻውን ግን ውሃ አያቆይም።

የግንባታውን ገንዘብና ኃላፊነት ለመንደሩ ራሱ የመስጠትን መንገድ በአገራችን ቀድሞ የሞከረው አማራ ክልል ነው። በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው የገጠር ውሃና አካባቢ ፕሮግራም ለዓመታት ጉድጓድ ሲያስቆፍር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 አሠራሩን ለወጠ። የግንባታው ገንዘብ በቢሮ በኩል መውጣቱ ቀርቶ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በአብቁተ በኩል፣ በቀጥታ ለመንደሩ የውሃ ኮሚቴ መሰጠት ጀመረ። ኮሚቴው ሲሚንቶውን ይገዛል፣ ከግንበኛው ጋር ይዋዋላል፣ ሒሳቡን ያወራርዳል። አብቁተ ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል፤ አሠራሩም እ.ኤ.አ. በ2013 በተጀመረው የአገር አቀፉ የአንድ ቋት የውሃ ፕሮግራም ውስጥ ተካቷል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በዚያው መንገድ ለመሄድ ለሚፈልግ ጎጥ የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ ስብሰባው

አንድ ፓምፕ ያለው የእጅ ጉድጓድ ከ200 እስከ 300 ሰው፣ ማለትም ከ40 እስከ 60 አባወራና እማወራ ያገለግላል። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ከማለም ሁለት ማመልከቻ ማቅረብ ይሻላል፤ ወረፋ የበዛበት ፓምፕ በአንድ ዓመት ያረጃል፣ ጠብም ያመጣል።

ስብሰባውን ሴቶች መምጣት በሚችሉበት ሰዓት ጥሩት። ውሃ የሚቀዱት እነሱ ናቸው፤ የትኛው ምንጭ ግንቦት ላይ እንደሚነጥፍ፣ የትኛው እንደማይነጥፍ የሚያውቁትም እነሱ ናቸው። እርሻ የማይነካበት የበዓል ቀን፣ ለምሳሌ የማርያም ወይም የሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ መልስ፣ ከሥራ ቀን ምሽት በእጅጉ ይሻላል። ምሽት ላይ ከጠራችሁ ወንዶቹ ይመጣሉ፣ ሴቶቹ እራት ላይ ይቀራሉ፤ ቦታው በማያውቁት ሰዎች ይመረጣል።

ኮሚቴው ከ5 እስከ 7 ሰው ይሁን፤ ቢያንስ ግማሹ ሴት። ለስም ያህል «አባል» ተብላ የተጻፈች ሴት አትጠቅምም። ገንዘብ ያዥነቱን ወይም የፓምፕ ጥገናውን ለሴት ስጡ፤ ፓምፑ ሲበላሽ ሩቅ የምትሄደው እሷ ስለሆነች ቸል አትለውም። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሒሳብ ተቆጣጣሪና ሁለት የጥገና ሰዎች ይበቃሉ። የዕድሩ ዳኛ የታመነ ሰው ከሆነ ምረጡት፤ ዕድር ገንዘብ መሰብሰብና ቀሪ መቁጠር የለመደ ተቋም ስለሆነ አሠራሩን መዋስ ይቻላል። የቀበሌ ሹም ግን ሰብሳቢ አይሁን። ሹመቱ ሲነሳ ኮሚቴውም አብሮ ይፈርሳል፤ በሥልጣን ላይ ያለን ሰውም ሒሳብ አምጣ ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት አይገኝም።

ማመልከቻው ውስጥ ምን ይግባ

ማመልከቻው በቀበሌ በኩል ወደ ወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። ተጓድሎ ከሄደ ዓመት ይቆያል። እነዚህ ይኑሩበት፦

- የተጠቃሚዎቹ ስም ዝርዝርና የቤተሰብ ብዛት፣ በቃለ ጉባኤ የተፈረመ፤
- አሁን የምትቀዱበት ውሃ ዓይነትና ደርሶ መልስ የሚፈጀው ደቂቃ፣ በበጋና በክረምት ተለይቶ፤
- የመረጣችሁት ቦታና ሁለተኛ አማራጭ፤
- የባለ መሬቱ ስምምነት። ቢያንስ 10 ሜትር በ10 ሜትር ቦታና የመግቢያ መንገድ ያስፈልጋል። የቃል ስምምነት አይበቃም፤ ባለይዞታው፣ ሚስቱም (የይዞታ ደብተሩ የባልና ሚስት ነውና) ይፈርሙ፣ ካሳውም ይጻፍ፤
- የምታዋጡት ጉልበት በሰው ቀን፣ ድንጋይና አሸዋ በሜትር ኩብ፣ ጥሬ ገንዘብ በብር፤
- የኮሚቴው የቁጠባ ደብተር ቅጂ።

በዚህ አሠራር የማኅበረሰቡ ድርሻ ከጠቅላላ ወጪው ቢያንስ 15 በመቶ ሲሆን፣ ጉልበትና ድንጋዩም በገንዘብ ተተምኖ ይቆጠራል። ከግንባታ በኋላ ያለው የጥገና ወጪ ግን ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው። የቁጠባ ደብተሩ የሚጠየቀውም ለዚሁ ነው። ገንዘብ ከመምጣቱ በፊት ለፓምፕ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) የሚሆን መቆጠብ ያልቻለ ጎጥ፣ ፓምፑ ከተተከለ በኋላም መቆጠብ አይችልም። ይህን ቅድመ ቁጠባ እንደ ክፍያ ሳይሆን እንደ ፈተና ቁጠሩት።

ደብተር የተባለውን የይዞታ ማረጋገጫ ነገር ቀላል አታድርጉት። በጎጃም ከቴክኒክ ጉድለት ባልተናነሰ ጉድጓድ የሚያዘጋው የመሬት ክርክር ነው። አባት የፈቀደውን መሬት ልጅ ሲወርስ በእሾህ ያጥረዋል።

የወረዳው ባለሙያዎች መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ቀጥሎ ቦታውን ያያሉ። ሲጸድቅ ስምምነት ትፈርማላችሁ። ስምምነቱ ላይ አንድ ሐረግ እንዳይቀር፦ ከኮሚቴው አቅም በላይ የሆነ ብልሽት ሲደርስ፣ ለምሳሌ የጉድጓዱን ግድግዳ የሚይዘው የኮንክሪት ቀለበት ሲሰምጥ ወይም ጉድጓዱ መጠለቅ ሲያስፈልገው፣ ወረዳው በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሚመጣ። ይህ ሳይጻፍ ከቀረ ኋላ የሚያስገድደው ነገር የለም።

ገንዘቡ በአብዛኛው በ3 ዙር ይለቀቃል፤ ያለፈው ዙር ካልተወራረደ ቀጣዩ አይመጣም። ፈራሚዎቹ ሦስት ይሁኑ። ደረሰኝ የሌለው ግዢ አትፈጽሙ። ለአሸዋ ጫኚና ለአህያ ባለቤት የሚከፈለውም በስምና በፊርማ ይያዝ። ማወራረድ ላይ ኮሚቴ የሚያዋርደው ስርቆት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሰው ወረቀት ስላልያዘ ሌባ ይባላል።

ቦታ መምረጥ

ከመጸዳጃ ቤት፣ ከበረትና ከፍግ ክምር ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከእነሱም በላይ በኩል እንጂ በታች በኩል አይሁን። ጎርፍ የሚያልፍበት ቦታ አይሁን። ሾላ፣ ዋርካና በበጋ የማይደርቅ ሣር ያለበት ዝቅታ ውሃው ቅርብ መሆኑን ይጠቁማል። በአቅራቢያው የባሕር ዛፍ ደን ካለ ተዉት፣ ወይም የዛፉ ባለቤት እንዲቆርጥ ተስማሙ፤ ባሕር ዛፍ ሥሩ ረጅም፣ ጥማቱም ብዙ ነው።

ጎጃም ሁሉ አንድ መሬት አይደለም። በሜጫ፣ በቡሬና በደምበጫ ቀይ አፈር ላይ የእጅ ጉድጓድ ያዋጣል፤ ግድግዳው በደረቁ ራሱን ችሎ ይቆማል፣ ውሃ ሲነካው ግን ይናዳል። በእነማይና በሸበል በረንታ የዋልካ ሜዳ ላይ ችግሩ ከላይ ነው፦ ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ የሲሚንቶ ወለሉንም ይሰብራል። እዚያ ከወለሉ ሥር ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ዋልካ ተቆፍሮ ይውጣና በድንጋይ፣ በጠጠርና በተጠቀጠቀ ቀይ አፈር ይተካ። የቾቄ ግርጌና ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው ገደላማ አገር ደግሞ ምንጭ ያለው ስለሆነ ጉድጓድ ለምን?

ምንጭ ካላችሁ ምንጩን አስቀድሙ፤ ፓምፕ የለውም፣ የሚያረጅ ጎሚኒ የለውም። አንድ ስህተት ብቻ ተጠንቀቁ። ማጠራቀሚያ ሳጥኑ ሲሠራ የትርፍ ውሃ መውጫው ከምንጩ ዓይን ከፍ ብሎ ከተቀመጠ፣ ውሃው ወደ ኋላ ይገፋና ምንጩ ሌላ መንገድ ፈልጎ ይሸሻል። ሰው «ምንጩ ተቆጣ» ይላል፤ የሸሸው ግን ከታፈነ በኋላ ነው። መውጫው ከዓይኑ ዝቅ ይበል። ከምንጩ በላይ 10 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ጎርፍ መመለሻ ቦይ ይቆፈር፤ ከቦዩ በታች ያለው ቦታ ታጥሮ ከብት አይግባበት፣ አይታረስም።

መቆፈር

ጊዜው ከየካቲት እስከ ግንቦት አጋማሽ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ በጣም ዝቅ የሚለው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ስለሆነ፣ ያኔ ውሃ የተገኘበት ጉድጓድ ዓመቱን ሙሉ አይከዳም። ኅዳር ላይ ተቆፍሮ በ6 ሜትር ውሃ ተገኘ ተብሎ የተጨበጨበለት ጉድጓድ መጋቢት ላይ ደረቅ ይሆናል። ገንዘቡ ኅዳር ላይ ቢመጣ እንኳ ቀለበት እየቀረጻችሁ፣ ድንጋይ እያጓጓዛችሁ ጠብቁ እንጂ አትቸኩሉ።

የቁፋሮው ስፋት 1 ሜትር ከ50 ይሁን። በውስጡ የሚገቡት የኮንክሪት ቀለበቶች የውስጥ ስፋታቸው 1 ሜትር፣ ውፍረታቸው 8 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታቸው 50 ሴንቲ ሜትር ነው። አንዱ ቀለበት በግምት ግማሽ ኩንታል ሲሚንቶ ይፈጃል፣ ክብደቱም ከ300 ኪሎ ይበልጣል። ስለዚህ 12 ሜትር ለሚጠልቅ ጉድጓድ 24 ቀለበት፣ 12 ኩንታል ሲሚንቶ ያስፈልጋል። ለክዳኑ፣ ለወለሉና ለፍሳሽ ቦዩ 4 ኩንታል ያህል ጨምሩ፤ ከሚባክነው ጋር 18 ኩንታል ብላችሁ አስሉ። ሲሚንቶ በአንዴ አትግዙ። ለሦስት ሳምንት የሚበቃችሁን ብቻ ግዙ፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ አርቃችሁ ደርድሩት። ጨብጣችሁት የማይፈርስ ጓል የያዘውን ለቀለበት አትጠቀሙ።

ልኩ 1 ለ2 ለ3 ነው፦ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር። በአካፋ አትለኩ፤ 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጣውላ ሳጥን አሠሩ። ለአንድ ከረጢት (50 ኪሎ) ሲሚንቶ ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር ይገባል። ውሃ አይብዛ፤ የቀጠነ ኮንክሪት ለማፍሰስ ይመቻል፣ ሲደርቅ ግን ደካማ ነው። የወንዝ አሸዋ ከመግዛታችሁ በፊት ፈትኑት፦ ወገቡ ቀጥ ባለ የመስታወት ዕቃ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ጨምሩ፣ ውሃ ሙሉበት፣ ናጡት፣ ሦስት ሰዓት አቆዩት። ላይ የሚተኛው ጭቃ ከ6 ሚሊ ሜትር ከወፈረ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ።

ቀለበቱ ከተቀረጸ በኋላ 7 ቀን ሙሉ በገለባ ወይም በጆንያ ተሸፍኖ ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ። እዚህ ላይ የእኛ አገር ልዩ ችግር አለ፤ በወሩ ውስጥ የሚከበረው በዓል ብዙ ነው። በበዓል ዋዜማ ከተቀረጸ በማግስቱ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ይጠፋና ቀለበቱ ተሰንጥቆ ይገኛል። የቀረጻውን ቀን ከበዓላቱ ጋር አስተያይታችሁ ምረጡ፣ ለማጠጣቱም ሰው በስም መድቡ።

ስለ ደኅንነት የሚከተለውን ሳያነብ ማንም ጉድጓድ አይግባ። ከ5 ሜትር በታች ሲደርስ በየጠዋቱ መጀመሪያ የበራ ፋኖስ በገመድ ይውረድ፤ መብራቱ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ እስትንፋስ የለም ማለት ነው፣ ሰው አይግባ። ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ በገመድ ደጋግማችሁ በማውረድና በማውጣት አየሩን አናፍሱ፣ እንደገና ፈትኑ። ውሃ ለመምጠጥ የቤንዚን ሞተር በምንም ምክንያት ጉድጓድ ውስጥ አይውረድ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ሊያወጣው የሚወርደውንም ሰው ይጨምራል፤ የወደቀን ሰው ለማውጣት ተከትሎ የገባ ዘመድ መሞቱ የተለመደ አሳዛኝ ነገር ነው። ሞተሩ ከላይ፣ ከአፉ ራቅ ብሎ ይቁም፤ ቱቦው ብቻ ይውረድ። ቆፋሪው በወገቡ ገመድ፣ በራሱ ላይ የብረት ቆብ ይኑረው፤ ከላይ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይቁም። የተቆፈረው አፈር ከአፉ 2 ሜትር ይራቅ። ማታ ማታ አፉ በእሾህና በጣውላ ይከደን፤ ሕፃንም ጥጃም ይገባበታል።

ውሃ ላይ ስትደርሱ ሥራው አላለቀም። ሚያዝያ ላይ ቢያንስ 2 ሜትር፣ ቢቻል 3 ሜትር የቆመ ውሃ እስኪገኝ ውሃውን እየቀዳችሁ ቆፍሩ። ቆፋሪ የሚሰለቸውና ድርድር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ውሉ ላይ ክፍያው በጥልቀት ሳይሆን በቆመ ውሃ ከፍታ እንዲሆን አስቀድማችሁ ጻፉ።

ቀጥሎ ልኩ ይወሰድ። ጉድጓዱን ባዶ አድርጋችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ውሃው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደተነሳ በተመተረ ገመድ ለኩ። የውስጥ ስፋቱ 1 ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር 78 ሊትር ያህል ነው። በሰዓት 40 ሴንቲ ሜትር ከተነሳ 300 ሊትር ያህል ገባ ማለት ነው፤ በ10 ሰዓት 3,000 ሊትር፣ ሌሊት የሚጠራቀመው ሲጨመር 250 ሰው በቀን 20 ሊትር ቢቀዳ የሚያስፈልገውን 5,000 ሊትር ይደርሳል። በሰዓት 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ግማሹንም አይሞላም፤ መጥለቅ ወይም ወደ ሁለተኛው ቦታ መዛወር አለበት። ይህን ቀን ማዘን፣ ሦስት ዓመት ከመጸጸት ይሻላል።

ከታች 20 ሴንቲ ሜትር የታጠበ ጠጠር ይነጠፍ። ውሃ የሚያስገቡት የታችኞቹ ቀለበቶች ዙሪያ በጠጠር፣ የላይኛው 3 ሜትር ግን በተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር ወይም በኮንክሪት ይደፈን። ይህ ሦስት ሜትር የክረምቱን ጎርፍ የሚመልሰው በር ነው። ብዙ ግንበኛ ያገኘውን አፈር መልሶ ይሞላዋል፣ ሐምሌ ላይ ውሃው ይደፈርሳል፣ ሰው ወደ ወንዙ ይመለሳል።

ወለሉ 3 ሜትር ስፋት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ኖሮት ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘንብል። የፍሳሽ ቦዩ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ የከብት ገንዳ ወይም የአትክልት ቦታ ላይ ይፍሰስ። የከብት ገንዳው ከአጥሩ ውጭ ይሁን።

ማከምና መክፈት

ከመከፈቱ በፊት ጉድጓዱ በክሎሪን ይታከም። 70 በመቶ ጥንካሬ ካለው የክሎሪን ዱቄት ለአንድ ሜትር ኩብ ውሃ 70 ግራም ይበቃል። 3 ሜትር ውሃ የቆመበት ባለ 1 ሜትር ጉድጓድ 2.4 ሜትር ኩብ ስለሚይዝ 170 ግራም ያህል ማለት ነው። ዱቄቱን ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨምሩ እንጂ ውሃውን ዱቄት ላይ አታፍስሱ፤ ጓንት አድርጉ፣ ፊታችሁን አርቁ። ፓምፑን ሽታው በአፉ እስኪመጣ ግፉ፣ ከዚያ አንድ ሌሊት ዝጉት። በማግስቱ ሽታው እስኪጠፋ ቀድታችሁ ድፉት፤ ወደ ወንዝ አይግባ፣ ከብትም አይጠጣው። ከሳምንት በኋላ ናሙና በወረዳው በኩል ይመርመር፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ የሰገራ ተሕዋስያን መገኘት የለበትም።

ገንዘቡና ደንቡ

መዋጮውን ከወጪው ተነሱና አስሉ። የጠባቂ ደመወዝ፣ በዓመት የሚቀየሩ ጎሚኒዎችና ኩሽኔታዎች፣ የአጥር ጥገና፣ ለትልቅ ብልሽት መጠባበቂያ። ለምሳሌ እነዚህ ተደምረው በዓመት 12,000 ብር ቢሆኑና ከፋዮቹ 50 ቤት ቢሆኑ፣ ለአንድ ቤት በዓመት 240፣ በወር 20 ብር ይደርሳል። ቁጥሩን በራሳችሁ ገበያ ተኩ። ሁሉም ሰው ይህን ስሌት በጉባኤ ይስማ፤ ብሩ ለምን እንደሆነ ያላወቀ ሰው እንደ ግብር ያየዋል።

አሰባሰቡን ከመከሩ ጋር አስማሙት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቤቱ እህል ያጣ ገበሬ ብር አምጣ ከተባለ ይሸሻል፤ ጥር ላይ ጤፍ ወይም በቆሎ ሲሸጥ የዓመቱን በአንዴ ይከፍላል። በእህል መክፈል የሚሻ ካለ ፍቀዱለት፣ ኮሚቴው ሸጦ ያስገባ። ብሩ በሳምንት ውስጥ ባንክ ይግባ። በገንዘብ ያዥ ሳጥን ያደረ ብር ይበደሩታል፣ ሳይሰረቅም ያልቃል።

መክፈል የማይችሉ አሉ። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን፣ ዓይነ ስውራን፣ ሕፃናት ብቻቸውን የቀሩባቸው ቤቶች ከብርም ከጉልበትም ነፃ ይሁኑ። ይህ ምሕረት በጠባቂው ፊት አይን አይቶ የሚደረግ መሆን የለበትም። በጉባኤ በስም ይወሰን፣ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፣ በየዓመቱ ይታይ፤ ወጪያቸውም ከላይ ባለው ስሌት ውስጥ አስቀድሞ ይግባ። ያኔ የሚቀዱት እንደ ሌላው ቀና ብለው ነው። ጉልበት ለማዋጣት አቅም ያነሳቸው ደግሞ ጠላ መጥመቅ፣ ለቆፋሪዎች ምሳ ማዘጋጀት፣ ቀለበት ማጠጣት ይችላሉ፤ ይህም እንደ ሰው ቀን ይቆጠር።

የሚከፈትበት ሰዓት ጠዋትና ማታ ተወስኖ ይለጠፍ። በቀን መካከል ተዘግቶ ማረፉ ጉድጓዱን ይሞላል። ልጆች እጀታውን እንዲጫወቱበት አትፍቀዱ። ልብስ ማጠብ ከአጥሩ ውጭ። ከሌላ ጎጥ የሚመጣን ሰው አትከልክሉ፤ በጀሪካን የሚከፍለውን ዋጋ ግን በደንቡ ጻፉ፣ አለዚያ በየቀኑ ክርክር ነው።

ፓምፑን ማቆየት

አፍሪዴቭ የተባለው ፓምፕ እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ድረስ የሚሠራ ሲሆን፣ የተፈለሰፈውም በመንደር ሰው እንዲጠገን ነው። ቱቦው ፕላስቲክ፣ ዘንጉ በመንጠቆ የሚያያዝ፣ መፍቻው አንድ ብቻ ነው። ሁለት ሰው ዘንጎቹን በእጁ አውጥቶ በአንድ ጠዋት ጎሚኒ መቀየር ይችላል።

ፓምፑ አዲስ ሲሆን 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ግፊት እንደሞላ ቆጥራችሁ በመዝገብ ጻፉ። በየወሩ መጀመሪያ እንደገና ቁጠሩ። ቁጥሩ ከወር ወር ሲጨምር ፓምፑ ሳይቆም እየነገራችሁ ነው።

ጠዋት ውሃ እስኪመጣ ብዙ መግፋት ካስፈለገ የታችኛው ቫልቭ ያፈሳል፤ ቦቢኑን (በቫልቩ ውስጥ ውሃውን የሚዘጋውን ክፍል) ወይም የቀለበት ጎሚኒውን ቀይሩ። ቶሎ መጥቶ ግን ቀጭን ከሆነ «ዩ ሲል» የተባለው ጎሚኒ አልቋል። እጀታው ወዲህ ወዲያ ከተወዛወዘ የፕላስቲክ ኩሽኔታዎቹ ተበልተዋል፤ ቆዩ ከተባለ ብረቱን ይበሉታል፣ የብር ነገር የሺህ ይሆናል። እጀታው እንደ ላባ ቀልሎ ውሃ ከሌለ ዘንጉ ተለያይቷል። ሁሉም ደህና ሆኖ ከሰዓት በኋላ ብቻ ውሃ የሚጠፋ ከሆነ የጉድጓዱ ነው እንጂ የፓምፑ አይደለም፤ የመቅጃ ሰዓት ቀንሱ፣ በሚያዝያም ስለ ማጥለቅ ለወረዳው ጻፉ።

ጎሚኒና ኩሽኔታ ሳይበላሽ በየዓመቱ መስከረም ላይ ይቀየር። አንድ ሙሉ ትርፍ ስብስብ ሁልጊዜ በእጃችሁ ይኑር፤ ወረዳው መጋዘን ውስጥ የለም ሲባል ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ድረስ መሄድ ነውና። ብሎኖቹ በየሳምንቱ ይጥበቁ። ከከባድ ዝናብ በኋላ የወለሉን ስንጥቅ እዩ፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ጎርፍ ታስገባለች፣ በአንድ ሰሐን ሲሚንቶ ስትደፈን ግን ትዘጋለች። ውሃው ከደፈረሰ ወይም በጎጡ ተቅማጥ ከበዛ ዝጉትና ከላይ በተጻፈው ልክ እንደገና አክሙት፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ንገሩ።

ሒሳብ ማሰማትና መረካከብ

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ጥር ላይ ከመሰብሰቡ በፊትና ሰኔ ላይ፣ ገቢና ወጪው በጉባኤ ይነበብ። የባንክ ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ይዙር። ማንበብ የማይችል ሰው ማንበብ የሚችል ልጁን ይዞ ይምጣ። ያልከፈሉት ስም ይጠራ፣ ኮሚቴው ራሱ ያልከፈለው ካለ በመጀመሪያ።

ኮሚቴው በየሁለት ዓመቱ ይመረጥ፤ ሁሉም በአንዴ አይውጡ፣ የጥገናውን ሥራ የሚያውቅ አንድ ሰው ይቅር። ርክክቡ በቃል አይሁን። የባንክ ደብተር፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የግፊት መዝገብ፣ የፓምፕ መፍቻ፣ ትርፍ ጎሚኒዎች በቁጥር፣ የክሎሪን ጣሳ፣ ከወረዳው ጋር የተፈረመው ስምምነትና የባለ መሬቱ ፊርማ በሦስት ሰው ፊት ተቆጥረው ይፈረሙ። የአጥሩ ቁልፍ ሁለት ነው፤ ሁለቱም በዚያው ቀን ይረከቡ።